የበረዶ ናዳ ስያሜዎች፦ «ሳንቃ»፣ «ጉልህ» እና «መዳፈን»

በስዊስ አገር በዳቮስ ከተማ የሚገኘው የበረዶና የናዳ ምርምር ተቋም በብርድ ወራት በየዕለቱ ለተራራ ተጓዦች የናዳ መግለጫ ያወጣል። መግለጫው አጭር፣ ቃላቱም ጥቂት ናቸው። ይሁን እንጂ ይህን መሰሉን ጽሑፍ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ገና ከመነሻው ይቸገራል። «ክረምት» ቢል አንባቢው ሐምሌንና ነሐሴን እንጂ ታኅሣሥንና ጥርን አያስብም። «በረዶ» ቢል ደግሞ ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጣር እንክብል፣ የረጋውን ውሃና በአልፕስ ተራሮች ላይ እንደ ባዘቶ የሚከመረውን ሁሉ በአንድ ስም ይጠቀልላል። ግእዝ በረድን፣ ሐመዳንና አስሐትያን ለይቶ ይጠራል። ከሐመዳ ጋር የሚዛመደው «አመዳይ» ለውርጭም የሚነገር ቢሆን፣ በሙያዊ ጽሑፍ ለባዘቶው ዓይነት ቢወሰን መልካም ነው። ለክስተቱ ግን ሕዝብ የለመደው «የበረዶ ናዳ» ስለሆነ እርሱን መንካት አያስፈልግም።

ጀርመኖች ናዳውን «ላዊነ» ይሉታል፤ ቃሉ መንሸራተትን ከሚያመለክት የላቲን ሥር የወጣ ነው። የእኛ «ናደ» ግን ካብ ሲፈርስ፣ ቋጥኝ ከገደል ሲወርድ የሚነገር ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ቁልቁል እየሰፋ የሚሄደው ልቅ ናዳ ከአማርኛው ሥዕል ጋር ይስማማል፤ ብዙ ሰው የሚገድለው ግን ሌላው ነው። በዚህኛው ጊዜ፣ በነፋስ ተገፍቶ የጠጠረ ንጣፍ በሥሩ ባለ ልል ንብርብር ላይ ተቀምጦ ይቆያል። ልሉ ንብርብር ብዙውን ጊዜ የሚፈጠረው አመዳዩ ስስ ሆኖ ብርዱ ሲበረታ ነው፤ ከሥር የሚወጣው እንፋሎት ቅንጣቶቹን እንደ ስኳር ያሻክራቸዋል፤ እርስ በርሳቸውም አይያያዙም። በላዩ ሰው ሲረግጥ ንጣፉ ባንዴ ተሰንጥቆ እንዳለ ይንሸራተታል። ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ተዳፋት ላይ ይህ ያሰጋል፤ አብዛኞቹ ተጎጂዎችም ናዳውን የቀሰቀሱት ራሳቸው ወይም ባልደረቦቻቸው ናቸው። ጀርመንኛው ይህን «የበረዶ ሳንቃ» ይለዋል። «የሳንቃ ናዳ» ብንል ሥዕሉ ለእኛም ግልጽ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው የአደጋ ደረጃዎች ስያሜ ነው። አውሮፓውያን በ1993 እ.ኤ.አ. የተስማሙበት መለኪያ አምስት ደረጃዎች አሉት። 3ኛው በቁጥር መሐል ላይ በመዋሉ «መካከለኛ» ተብሎ ቢተረጐም ከባድ ስሕተት ይሆናል። በስዊስ አገር በናዳ ከሚሞቱት ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት ይህ ደረጃ በታወጀባቸው ቀናት ነውና። ስለዚህ ዝቅተኛ፣ መጠነኛ፣ ጉልህ፣ ከፍተኛ፣ እጅግ ከፍተኛ የሚለውን ቅደም ተከተል እናቀርባለን። «ጉልህ» ፍጹም አቻ አይደለም፤ ሆኖም ተጓዡን አያዘናጋም።

የምልክቶቹ ትርጉም ግን አያስቸግርም፦ በእግር ሥር እንደ ባዶ ጎተራ የሚያስተጋባ ድምፅ፣ ከበረዶ መንሸራተቻው ፊት የሚሮጥ ስንጥቅ፣ በአቅራቢያ የወረደ አዲስ ናዳ። «አንድ በአንድ ተሻገሩ» የሚለው ትእዛዝም እንዳለ ይገባል። ተጓዡ ከሚይዛቸው ሦስት ዕቃዎች አካፋ ስም አያሻውም፤ ረጅሙ ዘንግ «መውጊያ ዘንግ»፣ ምልክት የሚያስተላልፈውና የሚቀበለው መሣሪያ «የናዳ ጠቋሚ» ቢባሉ ይበቃል።

በመጨረሻ አንድ ግስ ይቀራል። መግለጫዎቹ በናዳ ሥር የዋለውን ሰው «ተቀበረ» ይሉታል። በአማርኛ የሚቀበር ሬሳ ነው፤ ቃሉን የሰማ ባልደረባ ተስፋ ይቈርጣል። እውነቱ ግን በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ያህል ውስጥ ከተወጣ ብዙው ሰው ይተርፋል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሉ በፍጥነት ያሽቈለቍላል። ስለዚህ «ተዳፈነ» የሚለውን እንመርጣለን። በአመድ የተዳፈነ ፍም ማታ ከስሞ ቢመስልም ጠዋት ሲገለጥ እሳት ነው። ቃሉ የመታፈንንም ስሜት ያዘለ ስለሆነ የሞቱን መንስኤ አይሸሽግም።