ዕቅዱ የማያውቀው ክፍል

አዲስ አበባ ነዋሪዎቿን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተገኘው ቁጥር 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አራተኛው አገር አቀፍ ቆጠራ በ2010 ይካሄዳል ተብሎ ዝግጅቱ ተጀመረ፣ ተራዘመ፣ በ2011 እንደገና ተራዘመ፣ በዚያው ቀረ። በቆጠራው ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ ክፍል ፈላጊ ሆኗል። ስለ ከተማዋ የቤት ፍላጎት የሚነገረው ሁሉ፣ በ1999 ቁጥር ላይ የተደራረበ ግምት ነው።

በቆጠራው ፋንታ የምንጠቀምበት የኮንዶሚኒየም ምዝገባን ነው። በ1997 ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ምዝገባው 10/90፣ 20/80 እና 40/60 ተብሎ እንደገና ሲከፈት ቁጥሩ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። ዛሬም “ቤት ፈላጊ” ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ይኸው ዝርዝር ነው። ነገር ግን መዝገቡ ከ2005 በኋላ ለአዲስ ሰው አልተከፈተም። ያን ጊዜ የ12 ዓመት ተማሪ የነበረች ልጅ ዛሬ ተቀጥራ፣ አግብታ፣ ልጅ ወልዳ ሊሆን ይችላል፤ በመዝገቡ ግን ቤት ፈላጊ አይደለችም። ካሉት መካከል ደግሞ ቁጠባውን ያቋረጠ፣ አገር የለቀቀ፣ በሌላ መንገድ ቤት የገዛ አለ። በዚህ ላይ ለ20/80 ስቱዲዮ በወር 151 ብር ቆጥብ የተባለው ሰው፣ በየወሩ ሳያስተጓጉል ቢቆጥብ እንኳ፣ ዛሬ ያ ገንዘብ በራሱ ቤት አይሠራለትም። የሐምሌ 2014ቱ ዕጣ በመረጃ ማጭበርበር ምክንያት መሰረዙም ዝርዝሩ ምን ያህል እንደሚታመን አሳይቷል። ስለዚህ ይህ ወረፋ የሚነግረን፣ በአንድ ወቅት ባንክ ሄዶ ሒሳብ መክፈት የቻለው ማን እንደነበረ ነው። ከተማው ነገ ስንት ቤት እንደሚፈልግ ከእሱ ማወቅ አይቻልም።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ከተማዋ በብዛት የምትኖርበት ቤት በየትኛውም ዕቅድ ውስጥ የለም። ሰርቪስ የምንለውን ማለቴ ነው።

የውጩን በር አልፈው ግቢ ሲገቡ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ አጥሩን ተደግፈው የተደረደሩ ክፍሎች አሉ። ግድግዳቸው ጭቃ ወይም ብሎኬት፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ ነው። መጸዳጃው የጋራ ነው። የመብራት ቆጣሪው አንድ ስለሆነ ወር ሲደርስ ሒሳቡ ፍሪጅ ያለውና የሌለው እየተባለ ይከፋፈላል፤ ምጣድ ጭራሽ የሚከለክል አከራይም አለ። ውሃ በፈረቃዋ ቀን ስትመጣ በርሜል የሌለው ሰው ጎረቤት ይለምናል። ደላላው “ለላጤ ነው” ካለ፣ ልጅ ላለው ሰው ነገሩ እዚያው አለቀ። የሚጣፍጥ ኑሮ አይደለም። ነገር ግን አስተናጋጇ፣ ጀማሪ መምህሩ፣ የግንባታ ሠራተኛው፣ ከክፍለ ሀገር ለሥራ የመጣው ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፍበት ይህ ነው፤ ብዙዎቹም ከዚህ አይወጡም።

እነዚህን ክፍሎች ባንክ ገንዘብ አላበደረላቸውም፣ መንግሥትም አልሠራቸውም። ባለቤቲቱ እቁብ ሲደርሳት አንዱን ክፍል፣ አረብ አገር ያለችው ልጅ ብር ስትልክ ሌላውን እያለች ነው የሠራችው። የጡረታ አበል ለማይበቃት እናት ኪራዩ ደመወዝ ነው። ለተከራዩ ደግሞ ለሥራው ቅርብ የሆነ ማደሪያ። በኢኮኖሚ ቋንቋ ካወራን፣ ያለ አንድ ሳንቲም ድጎማ የቆመ የዝቅተኛ ገቢ ቤት አቅርቦት ነው። አገሪቱ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የቤት ልማት ፕሮግራም መኖሩን እጠራጠራለሁ።

እንዲህ ያለው አቅርቦት ረጅም ጊዜ ታግዶ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች፣ ከዚያ በታች ያሉት ወደ ቀበሌ ገቡ። ኪራይ ተቀነሰ፣ ተከራይም እፎይ አለ። ግን በሚሰበሰበው ጥቂት ብር ጣሪያ ማደስ ስላልተቻለ ቤቶቹ በነዋሪዎቻቸው ላይ አረጁ። ግለሰብም ለኪራይ ብሎ ቤት መሥራት ስለማይችል የከተማው ሕዝብ ሲበዛ ክፍሉ አብሮ አልበዛም። ከ1983 በኋላ ግለሰብ ማከራየት ሲፈቀድለት የግቢው ጀርባ በክፍል የተሞላው ለዚህ ነው። ያ ሁሉ ዓመት የተጠራቀመ ፍላጎት ነበር።

አሁን ወደ መሐል ከተማው እንምጣ። ልደታ በመልሶ ማልማት ፈርሶ ተሠራ፤ በ2016 ደግሞ ፒያሳና አካባቢው ተራውን አገኘ። የመሐል ከተማ ቦታ በቆርቆሮ ቤት ተይዞ መቅረት የለበትም የሚለው ክርክር በራሱ ስህተት የለበትም። ችግሩ የተነሺዎች ዝርዝር ሲዘጋጅ ነው። ባለይዞታው ካሳና ምትክ ቦታ አለው። የቀበሌ ቤት ሕጋዊ ተከራይ ኮንዶሚኒየም ወይም ምትክ የቀበሌ ቤት ይሰጠዋል። በባለይዞታው ግቢ ሰርቪስ ተከራይቶ የሚኖረው ግን ፍራሹን ጠቅልሎ ይወጣል፤ ካሳ ስለማይከፈለው ስሙን የሚመዘግብ የለም። አንድ ሰፈር ሲነሣ እንዲህ ያሉ ክፍሎች በአንድ ጊዜ ከገበያው ይወጣሉ። ተከራዮቹ ግን ከከተማው አይወጡም። ሥራቸው እዚያው አካባቢ ስለሆነ ወደ አጎራባች ሰፈር ይጎርፋሉ፣ እዚያ የነበረው የኪራይ ዋጋ ይዘላል። ይህን ደላላ ሁሉ ያውቀዋል። የልማት ሪፖርት ላይ ግን የሚጻፈው የተሠራው እንጂ የጠፋው ክፍል ብዛት አይደለም።

“ታዲያ ለምን ቤት ገዝተው አይገላገሉም?” የሚል አይጠፋም። እስቲ እናስላው። ለምሳሌ 3 ሚሊዮን ብር በ16 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ተበደርን እንበል፤ ዛሬ በግል አልሚዎች ዘንድ ይህ ገንዘብ ትልቅ አይደለም። የወር ክፍያው ወደ 41,700 ብር ይመጣል፤ በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 40 ሺህው ወለድ ብቻ ነው። በ2018 መስከረም በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ከፍተኛው እርከን 39,000 ብር ነው። ስለዚህ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ትልቁን ደመወዝ የሚያገኝ ሰው፣ ሳይበላ ሳይጠጣ፣ ግብርም ሳይቆረጥበት፣ ይህን ዕዳ መክፈል አይችልም።

ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ብናሰላውስ? ባለዲግሪ ጀማሪ በ11,500 ብር ይቀጠራል። ሲሶውን፣ ማለትም 3,800 ብር ገደማ፣ ለቤት ያውል። በዚሁ ወለድ በ20 ዓመት ሊመልስ የሚችለው ብድር 275 ሺህ ብር ነው። ወለዱን በግማሽ ብንቀንስለት እንኳ 460 ሺህ አይሞላም። ቤቶችና ቁጠባ ባንክ፣ በኋላ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ የተባለው፣ በ2008 ወደ ንግድ ባንክ ሲጠቃለል የቤት ብድር ባለቤት አጣ ብለው ያዘኑ ነበሩ፤ ጎህ ቤቶች ባንክ ሲከፈትም ተስፋ ያደረጉ ነበሩ። የባንክ ዓይነት መቀየሩ መልካም ነው። ከላይ ያለውን ሒሳብ ግን አይቀይረውም። ለአብዛኛው ወጣት ሠራተኛ በሚመጡት 10 እና 15 ዓመታት ቤት ማለት ኪራይ ነው፤ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ይህን ከወዲሁ ቢቀበለው ይሻላል።

ኮንዶሚኒየሙም ቢሆን ሳይታሰብ ያደረገው ይህንኑ ነው። ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ዕጣ የወጣለት ሰው ሥራው አራት ኪሎ ከሆነ የታክሲውን ሰልፍና ሒሳቡን አስቦ ቤቱን ያከራይና ራሱ መሐል ከተማ ክፍል ይከራያል። ለባለቤትነት ታስቦ የተሠራው ብሎክ የኪራይ ሰፈር ይሆናል። ብዙዎች ይህን እንደ ብልግና ያዩታል፤ እኔ ገበያው የዕቅዱን ስህተት ሲያርም ነው የማየው። የቤት ዋጋ ኪራይና ትራንስፖርት አንድ ላይ ተደምረው ነው የሚታወቀው። ርካሽ ቦታ ላይ የተሠራ ሩቅ ቤት ለነዋሪው ርካሽ ላይሆን ይችላል።

የኪራዩን ገበያ በተመለከተ መንግሥት በ2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን አውጥቷል። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ በተወሰነ ጣሪያ እንዲሆን ይደነግጋል። አዋጁ ቤት ውስጥ ያለውን ተከራይ ይጠብቀዋል። ክፍል ገና የሚፈልገውን ግን ላይጠቅመው ይችላል፤ አከራይ ነገ መጨመር እንደማይችል ካወቀ የነገውን ጭማሪ ዛሬ ውሉ ላይ ይጭነዋል፣ ወይም ክፍሉን ለእንግዳ ማረፊያ ይለውጠዋል። የ1967ቱን ታሪክ የሚያስታውስ ሰው ጣሪያው ዕድሳትን እንዳይገድል መፍራቱ አይቀርም።

ስለ ጣሪያው ግን ከበቂ በላይ ተወርቷል። ለእኔ በአዋጁ ውስጥ ትልቁ ነገር ማንም ብዙ ያልተናገረለት የምዝገባው አንቀጽ ነው። ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ ሲባል፣ በየወረዳው ስንት ክፍል ለኪራይ እንዳለ፣ በስንት ብር እንደሚከራይ፣ ሰው በስንት ጊዜ እንደሚለቅ የሚያሳይ መዝገብ ሊኖረን ነው ማለት ነው። ለቤት ዕቅድ ከዚህ የተሻለ መረጃ ከተማዋ ኖሯት አያውቅም። አንድ እንቅፋት አለ። አከራዩ ያ መዝገብ ነገ የኪራይ ገቢ ግብር መጠየቂያ እንደሚሆን ያውቃል። ስለዚህ ውሉ ላይ አንድ ዋጋ፣ በእጅ ሌላ ዋጋ ይሆናል፤ ተከራዩም ክፍሉን እንዳያጣ አብሮ ይፈርማል። ለአንድና ለሁለት ሰርቪስ ክፍል አከራይ የተወሰኑ ዓመታት የግብር እፎይታ ቢሰጥ ከተማው የሚያጣው ጥቂት ነው፤ እውነተኛ ቁጥር ግን ያገኛል። ይህን ሐሳብ ገቢዎች ቢሮ እንደማይወደው አውቃለሁ።

ማዘጋጃ ቤቱ ራሱም ከጥቅም ግጭት ነፃ አይደለም። ቦታ በሊዝ ጨረታ የሚሸጠው እሱ ነው። የቦታ ዋጋ ሲሰቀል ገቢው ይጨምራል፤ ቤት ይረክስ ዘንድ የሚያቅደውም ይኸው አካል ነው። ከሊዝ ገቢው የታወቀ ድርሻ ተቆርጦ ለኪራይ ክፍሎች ካልዋለ፣ ሁለቱ ዓላማዎች በተጋጩ ቁጥር የሚሸነፈው የትኛው እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን የ10 ዓመት ዕድሜው እየተገባደደ ነው፤ ተተኪው ላይ ሥራ መጀመሩ አይቀርም። ባለሙያዎቹ እንደተለመደው የመሬት አጠቃቀም ካርታውን ቀለም ከመቀባታቸው በፊት የወረዳዎቹን የኪራይ ውል መዝገብ ይጠይቁ። በሚፈርሰው ሰፈር ላይ የነበረው የኪራይ ክፍል ብዛት ተመዝግቦ፣ ቢያንስ ያንኑ ያህል ክፍል በታክሲ አንድ ጉዞ ርቀት ሳይሠራ ግንባታ እንዳይጸድቅ የሚል አንድ አንቀጽ ያስገቡበት። ለባለይዞታው ደግሞ ጭቃውን ሰርቪስ አፍርሶ መጸዳጃና ቆጣሪ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ክፍሎች ለመሥራት የሚያስችል የተዘጋጀ ዲዛይን፣ ፈጣን ፈቃድና አነስተኛ ብድር ይሰጠው። ቦታውም አለው፣ ተከራዩም በሩ ላይ ቆሟል።