የቀይ ብርሃን የፊት ጭምብል፦ ለማን ይጠቅማል? ማንስ ይጠንቀቀው?

ምናልባት እህትዎ ከዱባይ ወይም ከጅዳ ስትመለስ አምጥታልዎት ይሆናል፤ ወይም ጓደኛዎ ቤት አይተው ለመግዛት አስበው ይሆናል። ፊት ላይ ሲጠለቅ በውስጡ ጥቃቅን ቀይ መብራቶች የሚበሩበት ጭምብል ነው። ሻጮች ሽብሽብታን፣ ብጉርንና ማድያትን በአንድ ላይ እንደሚያጠፋ ይናገሩለታል። እውነቱ ግን ሦስቱም እኩል አይደሉም። በተለይ ማድያት ያለብዎት ከሆነ ከመጠቀምዎ በፊት ይህን ጽሑፍ ያንብቡ።

ብርሃኑ እንዴት ይሠራል?

በብርሃን የማከም ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 ሐንጋሪያዊው ሐኪም እንድሬ ሜስተር ጸጉራቸው በተላጨ አይጦች ላይ ደካማ ቀይ ሌዘር ቢያበሩ ጸጉሩ ፈጥኖ ሲበቅል ተመልክተዋል። የዛሬዎቹ ጭምብሎች ግን የሚጠቀሙት ሌዘር ሳይሆን ኤል.ኢ.ዲ. የተባለውን መብራት ነው። የቀይ ብርሃኑ የሞገድ ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ 630 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ቆዳን የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት ጨረር አይደለም። ብርሃኑ ወደ ቆዳ ሲዘልቅ ማይቶኮንድሪያ የተባለውን የሕዋስ ኃይል ማመንጫ እንደሚያነቃቃ፣ ለቆዳ ጥንካሬ የሚሰጠው ኮላጅን እንዲመረትም እንደሚያግዝ ይታመናል።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው?

ቀጫጭን ሽብሽብታዎችን በመጠኑ ሊያለሰልስ ይችላል። ቀላል ብጉርንም ሊቀንስ ይችላል፤ በተለይ ባክቴሪያ ከሚገድለው ሰማያዊ ብርሃን ጋር ሲሆን። ይሁንና ለውጡ የሚታየው ለበርካታ ሳምንታት ሳያቋርጡ ሲጠቀሙበት ነው። ጥልቅ ሽብሽብታንና ጠባሳን አያጠፋም።

ማድያት ላለባቸው

ማድያት ብዙ ጊዜ በእርግዝና ወቅት ወይም የወሊድ መከላከያ ሲወሰድ የሚወጣ የፊት ጥቁረት ነው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ለዓይን በሚታይ ብርሃን፣ በተለይም በሰማያዊው፣ ሊጠቁር ይችላል፤ ሙቀትም ማድያትን ሊያባብስ ይችላል። ብዙ ጭምብሎች ደግሞ ሰማያዊውንም ቀዩንም ብርሃን የያዙ ናቸው። ስለሆነም ማድያት ያለበት ሰው በራሱ ውሳኔ ባይጠቀም ይመረጣል። ለማድያት ዋነኛው ጥንቃቄ ፊትን ከፀሐይ መከላከልና የቆዳ ሐኪም ማማከር ነው።

ሌሎች መጠንቀቅ ያለባቸው

ኒውትሮጂና የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ለቤት ውስጥ አገልግሎት ይሸጠው የነበረውን የብርሃን ጭምብል ከገበያ ሰብስቧል። ምክንያቱ አንዳንድ የዓይን ሕመም ያለባቸውንና ለብርሃን ስሜታዊ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችን ዓይን ሊጎዳ ይችላል የሚል ስጋት ነበር። ስለዚህ የሚከተሉት ሰዎች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ፦

• የሬቲና ወይም ሌላ የዓይን በሽታ ያለባቸው፤
• ሉፐስ ወይም የሚጥል በሽታ ያለባቸው፤
• እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ ለብርሃን ስሜታዊ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስዱ፤
• ነፍሰ ጡሮች።

ሲጠቀሙ

1. ፊትዎን ታጥበው ያድርቁ፤ ቅባትና ኩል ያስወግዱ።
2. በመጀመሪያ በትንሽ የቆዳ ክፍል ላይ ለአጭር ጊዜ ሞክረው ጥቂት ቀናት ይጠብቁ። ከጠቆረ ወይም ከቀላ ይተዉት።
3. የዓይን መከላከያውን ያድርጉ፤ መብራቱን ትኩር ብለው አይመልከቱ።
4. በመመሪያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አያሳልፉ። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን ነው። ማብዛት ውጤቱን አያፋጥንም።
5. መመሪያና የአምራች ስም የሌለውን ጭምብል አይግዙ።

በመጨረሻም፣ ቁስሉ የማይድን፣ የሚደማ፣ ወይም ቅርጹንና ቀለሙን የሚለዋውጥ ምልክት ፊትዎ ላይ ካዩ ጭምብሉን ወደ ጎን ትተው ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ። እንዲህ ያለውን ምልክት በብርሃን ለማጥፋት መሞከር በጊዜ ሊታከም የሚችለውን በሽታ ማቆየት ነው። መልካም ጤና!