ስለ ችኰላና ስለ ዝግታ

ሰው ሁሉ በአንድ ዓይነት እርምጃ አይሄድም። አንዱ ሲጣደፍ ይውላል፤ ሌላው ዝግ ብሎ ይሠራል። ችኵሉ ዝግተኛውን ሰነፍ ይለዋል፤ ዝግተኛውም ችኵሉን ዕረፍት የለሽ ይለዋል። ነገር ግን እርምጃ ከሰው ጠባይ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ሥራውና አገሩም ይወስኑታል።

ከጐንደር በስተሰሜን፥ ከዳባትና ከደባርቅ ወዲያ የስሜን ተራሮች አሉ። የዚያ አገር ገበሬ ገብስ ከዘራ በኋላ፥ የቱን ያህል ቢቸገር እህሉን ሊያፈጥነው አይችልም። ስለዚህ እያረመና እየጠበቀ ወራት ይታገሣል። በዚያ ጊዜ ያየው መንገደኛ ዝግተኛ ነው ይለው ይሆናል። አዝመራው በደረሰ ጊዜ ግን ያው ገበሬ ማልዶ ተነሥቶ፥ ጐረቤቶቹን በደቦ ጠርቶ ያጭዳል፤ ቢዘገይ በረዶ ያረግፍበታልና። እንግዲህ ሰውዬው አንድ ነው፤ ጊዜው ግን ሁለት ነው።

ተራራውም እንዲሁ ያስተምራል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ራስ ደጀን ግን 4,500 ሜትር ያልፋል። ወደ ላይ በተወጣ ቍጥር አየሩ ይሳሳል። በራስ ደጀን ራስ ላይ የቆመ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን፥ በባሕር ዳር ከሚያገኘው ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። የደጋ ተወላጅ ይህን አየር ለምዶታል። ከቆላ የመጣ እንግዳ ግን በችኰላ ቢወጣ ራሱን ያመዋል፥ ያስመልሰዋል፥ እንቅልፍም ያጣል፤ ሰውነቱ የሳሳውን አየር እስኪለምድ ቀናት ያስፈልጉታልና። ስለዚህ አስተዋይ መንገደኛ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየወጣ፥ እያረፈም ይሄዳል።

ሕመሙን ንቆ መውጣቱን የቀጠለ ሰው ሳንባው ወይም አንጐሉ ውሃ ይቋጥርና ሊሞት ይችላል። ሕመሙ በጸናበት ጊዜ ዋናው መድኃኒት ሳይዘገዩ ወደ ታች መውረድ ነው። ያን ጊዜ «እስከ ነገ ይሻለው ይሆናል» ብሎ መቈየት ትዕግሥት አይደለም፤ ጥፋት ነው። ያው ተራራ ሲወጡት ዝግታን፥ ሕመም ሲጸና ደግሞ ፍጥነትን ይፈልጋል።

ዳሩ ግን ከሥራው ሳይሆን ከልብ የሚመጣ ችኰላና ዝግታም አለ። አንዳንዱ ባልንጀራው እንዳይቀድመው በቅናት ይሮጣል፤ አንዳንዱም ከሀኬት የተነሣ ሥራውን ለነገ ያሳድራል። «የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል፤ ዛሬ ነገ የሚል ግን የሚለቅመውንም አያገኝም።

ልጆች ሆይ፥ ፊደል ስትቈጥሩና ስታነቡ አትቸኵሉ፤ አንድ ፊደል የዘለለ ቃሉን ያበላሻልና። የታመመ ሰው ውሃ ሲለምናችሁ ግን አትዘግዩ። ብልህ ማለት ሁልጊዜ የሚሮጥ ወይም ሁልጊዜ የሚያዘግም አይደለም፤ የሥራውን ጊዜ የሚያውቅ ነው።