ሲቀይር እንጂ ሲይዝ የማይበላ ማግኔት

ካርድ ቆጣሪ ባለበት ቤት የሚኖር ሰው አንድ ድምፅ በደንብ ይለያል። የተሞላው ሒሳብ ሲያልቅ ከቆጣሪው ውስጥ «ቀጭ» ይልና ቤቱ ይጨልማል፤ ካርዱ ተሞልቶ ሲገባ ያው ድምፅ ይደገምና መብራቱ ይመለሳል። ድምፁ የሚመጣው የቤቱን መስመር ከሚያቋርጠውና ከሚያገናኘው ሪሌይ ነው። በቅድመ ክፍያ ቆጣሪዎች ውስጥ በብዛት የሚገባው ሪሌይ ከተለመደው የሚለይበት ትልቅ ጠባይ አለው፤ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው «ቀጭ» በሚልባት ቅጽበት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለወራትም ቢሆን አንዳች ኃይል ሳይወስድ በቦታው ይቆያል። ይህን ጠባይ የአንድ ዕቃ ብልሃት አድርጎ ማለፍ ያሳንሰዋል። ኃይል ለለውጥ ይከፈል፣ ለመቆየት አይከፈል የሚል ሙሉ የንድፍ መርህ ነው፤ ብዙ ቦታ ሊሠራበት ሲገባ ያልተሠራበት መርህ።

በተለመደው ሪሌይም ሆነ በኤሌክትሪክ በሚከፈት የውሃ ቫልቭ ውስጥ የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ጥቅሉ ማግኔት ይሆንና አጠገቡ ያለውን ብረት ይስባል፤ ሲቋረጥ ሞላ ብረቱን ይመልሰዋል። ስለዚህ ቫልቩ ስድስት ሰዓት ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ከተፈለገ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ኤሌክትሪክ መፍሰስ አለበት። በፊዚክስ ዓይን ግን ሥራ ተሠራ የሚባለው ጉልበት አንድን ነገር ሲያንቀሳቅስ ነው። ተይዞ የቆመ ብረት አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ በእነዚያ ሰዓታት የገባው ኤሌክትሪክ ሁሉ ሽቦውን ከማሞቅ በቀር የፈየደው የለም። በር እንዳይከፈት ሌሊቱን ሙሉ በትከሻ ደግፎ እንደ ማደር ነው፤ መቀርቀሪያ ግን አንዴ ከተወረወረ ማንንም አያደክምም።

የመቀርቀሪያውን ሥራ እዚህ የሚሠራው ቋሚ ማግኔት ነው። ተንቀሳቃሹ ብረት በሁለት ጫፎች መካከል ይመላለሳል፤ ማግኔቱ ደግሞ በሁለቱም ጫፎች ሊስበው ይችላል። የማግኔት ስበት በክፍተቱ ስፋት ልክ በፍጥነት ስለሚዳከም፣ ብረቱ ከአንዱ ጫፍ ጋር ሲገናኝ የዚያ ጫፍ ስበት ከሌላው እጅግ ይበልጣል፤ ብረቱም እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ለመቀየር በጥቅሉ ውስጥ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይላካል፤ ምቱ የያዘውን ጫፍ ስበት አዳክሞ ወደ ሌላው ይገፋዋል። ለመመለስ ምቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይላካል። ጉልበቱ ቀላል አይደለም፤ የ1 ቴስላ ማግኔታዊ መስክ ያረፈበት 1 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር የብረት ፊት ወደ 4 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት ይይዛል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በጃፓን ማሳቶ ሳጋዋ፣ በአሜሪካ ጆን ክሮት የደረሱበት የኒዮዲሚየም ማግኔት ደግሞ ይህን ጉልበት በጣት ጫፍ በሚያዝ መጠን አስገኘ።

ልዩነቱን በቁጥር እንመልከተው። በ12 ቮልት 0.5 አምፔር የሚወስድ የተለመደ ቫልቭ 6 ዋት ይበላል፤ ለአንድ ሰዓት ክፍት ሆኖ ለመቆየት 21,600 ጁል ማለት ነው። በ9 ቮልትና በ1 አምፔር ለ50 ሚሊ ሰከንድ ምት የሚላክለት ቫልቭ ለመክፈት 0.45 ጁል፣ ለመዝጋትም ያንኑ ያህል ይበቃዋል። ድምሩ አንድ ጁል አይሞላም። የጠብታ መስኖ ሰዓት ቆጣሪዎች በአንዲት የ9 ቮልት ባትሪ ብቻ የአትክልት መስክ ለወራት የሚያጠጡት በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ካርድ ቆጣሪው ስንመለስ፣ እያንዳንዱ ሪሌይ ለመያዝ ብቻ 1 ዋት ቢበላ፣ አንድ ሚሊዮን ቆጣሪዎች ቀንና ሌሊት 1 ሜጋ ዋት፣ በዓመት 8,760 ሜጋ ዋት ሰዓት ያለ ጥቅም ያቃጥላሉ። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የሚከማቸው ሙቀት ዕቃውን ማስረጀቱም አይቀርም።

በዚህ መርህ ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ ደኅንነትን የሚመለከት ነው። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የተለመደው ሪሌይ በሞላው ተገፍቶ ወደ ታወቀ ቦታ ይመለሳል፤ በማግኔት የተያዘው ግን ባለበት ይቀራል። ተቃውሞው እውነት ነው። የሊፍት ብሬክ የሚጫነው በሞላ፣ የሚላቀቀው በኤሌክትሪክ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ መቆም አለበት። የጋዝ ምድጃ መከላከያ ቫልቭም በነበልባሉ ሙቀት በሚመነጭ ጥቂት ኤሌክትሪክ ተይዞ ይቆይና እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን ይዘጋል። በእነዚህ ቦታዎች የማያቋርጠው ኤሌክትሪክ ብክነት አይደለም፤ «ሁሉም ደኅና ነው» የሚል መልእክት ነው፤ መልእክቱ ሲቀር ማሽኑ ወደ ደኅንነቱ ይሄዳል። ሆኖም መልእክት የማይጠበቅበት ቦታ ብዙ ነው። መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር የከፈለው ሰው ቆጣሪ ሊቋረጥ፣ ያልከፈለውም ሊገናኝ አይገባም፤ እዚህ ባለበት መቆየት ራሱ ትክክለኛው ጠባይ ነው። ሁለቱም በሚፈለጉበት ቦታ ደግሞ ካፓሲተር መፍትሔ ይሆናል፤ የተጠራቀመው ቻርጅ መስመሩ ሲወድቅ አንድ የመጨረሻ ምት ይልካል። በማግኔት የሚያዙ የመካከለኛ ቮልቴጅ ብሬከሮችም የመክፈቻ ጉልበታቸውን በካፓሲተር ያስቀምጣሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአስተማማኝነት ጉዳይ ነው። ኃይለኛ ንዝረት ብረቱን ሊያላቅቀው ይችላል፤ ተራ የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ አቅሙን ማጣት ይጀምራል፤ ምቱን የላከው ሰርኪዩትም ብረቱ በእርግጥ መቀየሩን በራሱ አያውቅም። እነዚህ ግን በንድፍ የሚመለሱ ጥያቄዎች ናቸው። የመያዣው ጉልበት ከሚጠበቀው ንዝረት በሰፊው እንዲበልጥ ይደረጋል፤ ለሙቀት የሚስማማ የማግኔት ዓይነት ይመረጣል፤ ቆጣሪውም ከሪሌዩ ወዲያ ባለው መስመር ላይ ቮልት መኖር አለመኖሩን ለክቶ፣ ካልተቀየረ ምቱን መድገም ይችላል።

ስለዚህ ንድፍ አውጪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ኃይል ሲጠፋ ዕቃው የት መገኘት እንዳለበት ነው። መልሱ «ወደ ደኅንነቱ ይመለስ» ከሆነ የማያቋርጠው ኤሌክትሪክ ዋጋው ይገባዋል። መልሱ «በታዘዘበት ይቆይ» ከሆነ ግን፣ ማግኔት በነፃ የሚይዘውን ነገር በኤሌክትሪክ መያዝ ምክንያት የለውም፤ መብራት ውድና ውስን በሆነበት አገር ደግሞ ይህን ምርጫ በዝምታ ማለፍ አይገባም።