የመብራት ሂሳባችንና የልጅ ልጄ ዓሦች

ቤታችን ቤቴል ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ሳሎን ጥግ የተቀመጠውን አኳሪየም ነው። ዘጠኝ ዓመት የሞላው የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ዓሦቹን ይቆጥራል፤ እኔም አብሬው እቆጥራለሁ። አኳሪየሙን የገዛችለት እናቱ ናት። እሷ ለሥራ ዱባይ ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። በስልክ ስታገኘው ከሰላምታ ቀጥላ የምትጠይቀው «ዓሦችህ ደህና ናቸው?» ብላ ነው።

የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ለአራት ዓመት እየተሻሻለ እንዲሄድ መወሰኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በጡረታ ለሚተዳደር ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ቀን የወሩ ሂሳብ ሲመጣ ልጄ አየና «እማዬ፣ ይሄ አኳሪየም ቀንም ሌሊትም ሶኬት ላይ ነው። እኛን የሚበላን እሱ ነው፤ ለሰው እንስጠው» አለኝ።

ለልጁ አሳዘነኝ። አልሰጥም ብዬ ግን ሌላ ጥፋት ሠራሁ። ማታ ማታ ሁሉም ሲተኛ የአኳሪየሙን ማከፋፈያ ከሶኬቱ መንቀል ጀመርኩ። መብራቱም፣ ማሞቂያውም፣ የአየር ፓምፑም፣ ፊልተሩም አብረው ይጠፋሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከስምንቱ ዓሦች ሁለቱ ሞተው ተንሳፈዋል። የቀሩት አፋቸውን ከውሃው ፊት ላይ አውጥተው አየር ይስባሉ። ልጁ ቆሞ አያቸውና «እማማ፣ ታመው ነው?» አለኝ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ መተንፈስ ላቃተው ሰው ኦክስጅን ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ወጪ በዛ ተብሎ ከበሽተኛ ላይ ኦክስጅን አይነቀልም። እኔ ግን ቤቴ ውስጥ ያደረግሁት ልክ ይህንኑ ነው። ለልጁ እውነቱን ነገርኩት። አለቀሰ፤ ለሁለት ቀንም አኮረፈኝ።

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። በሙያችን ሳይመረመር መድኃኒት አይታዘዝም። አንድ ደብተር አወጣሁና የሕሙማንን ሙቀት እንደምንመዘግብበት ሠንጠረዥ አሰመርኩበት። ጠዋትና ማታ ከቆጣሪው ላይ ቁጥሩን እያነበብኩ ለሁለት ሳምንት ጻፍኩ። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ዋትም መዘገብኩ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ዋቱን በሚሠራበት ሰዓት አባዝታችሁ ለ1,000 ስታካፍሉት ቆጣሪው የሚቆጥረውን ኪሎ ዋት ሰዓት ታገኛላችሁ።

የእኛ አኳሪየም 80 ሊትር ይይዛል። የአየር ፓምፑና ፊልተሩ ተደምረው 11 ዋት ናቸው። ቀንና ሌሊት ቢሠሩ በወር 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። መብራቱ 36 ዋት ሆኖ በቀን 14 ሰዓት ይበራ ስለነበር 15 ይደርሳል። ማሞቂያው 100 ዋት ነው፤ የቀኑን ግማሽ ያህል ስለሚሠራ በወር 36 ይወስዳል። ጠቅላላው 59 ነው።

አሁን ቦይለሩን ተመልከቱ። ከጠዋት እስከ ጠዋት ሳይጠፋ የሚውል ባለ 1,500 ዋት ነው። ያጠፋሁበትን ቀንና ያላጠፋሁበትን ቀን ሳነጻጽር ልዩነቱ በቀን 3 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 90 ሆነ። ምጣዱ 3,500 ዋት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ስንጋግር በወር 56 ገደማ ይበላል። ሌት ተቀን ሲንኮሻኮሽ የምንሰማው ፓምፕ ከሁሉም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እኔ ዓሦቹን የገደልኩት በጣም ትንሹን ወጪ ለመቆጠብ ነበር።

የተማርኩት ይህንን ነው፦ መብራት የሚበላው የሚንቀሳቀስ ነገር ሳይሆን የሚያሞቅ ነገር ነው። ስለዚህ ቁጠባውን ከሙቀት ጀመርን።

ዓሦቹ ጋፒ ናቸው፤ 24 ዲግሪ ይስማማቸዋል። የእኛ ማሞቂያ ግን 27 ላይ ነበር። የሚባክነው ሙቀት በውሃውና በክፍሉ መካከል ባለው ልዩነት ልክ ነው። ሳሎናችን 18 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 9 ነበር፤ ወደ 24 ስናወርደው 6 ሆነ። ሲሶው ቀረልን ማለት ነው። አንዴ አውርዳችሁ ግን ዓሦቹን አታስደንግጡ፤ በየሁለት ቀኑ አንድ አንድ ዲግሪ ይበቃል። ከጀርባና ከሁለቱ ጎን ፎም ለጠፍን፣ ከላይም ለአየር ትንሽ ክፍተት ትተን በመስታወት ከደንነው። ክዳን የሌለው ውሃ ሙቀቱን በትነት ያጣል። በር አጠገብ የነበረውንም ወደ ውስጥ አስጠጋነው። መብራቱን በ10 ዋት ኤልኢዲ ለውጠን በቀን 8 ሰዓት ብቻ እንዲበራ አደረግን። ለወትሮው መስታወቱን የሚያለብሰው አረንጓዴ ነገርም ቀነሰ።

አየሩንና ፊልተሩን አልነካናቸውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች አየራችን ስስ ነው። በዚህም ምክንያት ውሃ እዚህ የሚይዘው ኦክስጅን፣ በእኩል ሙቀት ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚይዘው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ፊልተሩ ውስጥም የዓሦቹን ቆሻሻ የሚያጣሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ። ውሃው ለሰዓታት መመላለሱን ካቆመ እነሱም አየር አጥተው ይሞታሉ፤ ውሃውም ይመረዛል።

ቦይለሩን ከመታጠባችን በፊት ብቻ እናበራዋለን። ምጣዱ ለመጋል ብቻውን ብዙ ስለሚወስድ በሳምንት አንዴ፣ ብዛት አድርገን እንጋግራለን። በወር ከ260 በላይ የነበረው ፍጆታችን ወደ 185 ወረደ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ እስከ 50፣ እስከ 100፣ እስከ 200 እያለ በእርከን ስለሚወጣና ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ስለሚጨምር፣ ከ200 በታች መውረዳችን ሁለት ጊዜ ጠቀመን። ከዚህ ውስጥ የአኳሪየሙ ድርሻ ግማሽ ያህል ቀንሷል፤ ትልቁን የቆጠብነው ግን ከቦይለሩ ነው።

በቅርቡ ደግሞ ልጄ ከዱባይ፣ ከገበያ ማዕከሉ ትልቅ አኳሪየም ፊት ቆማ በቪዲዮ ደወለች። ልጁ የባሕር ዓሣና ኮራል ካልገዛችሁልኝ ብሎ ያዘኝ። ኮራል ሕይወት ያለው እንስሳ መሆኑን፣ ሥጋው ውስጥ በብርሃን ምግብ የሚሠሩ ረቂቅ ተክል መሰል ነገሮች ስለሚኖሩ ኃይለኛ መብራት እንደሚፈልግ፣ የጨው ውሃ፣ ያልተቋረጠ ሞገድና ከ24 እስከ 27 ዲግሪ የማይዋዥቅ ሙቀት እንደሚያስፈልገው አስረዳሁት። ለዚያም ቤት ሕጉ ያው ነው፤ ይቆጠባል ከተባለ ከሚባክነው ሙቀትና ከተረፈው ብርሃን ነው እንጂ ከውሃው እንቅስቃሴ አይደለም። «እሺ፣ ሳድግ» ብሎ ተወው።

ለወላጆችና ለአያቶች ሁለት ነገር ላክል። መብራት ሲሄድ ምግብ አትስጧቸው፤ አኳሪየሙን በጋቢ ሸፍኑት፤ በየጊዜው ውሃውን በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት፤ ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል። ሁለተኛው የሰው ሕይወት ነው፦ ማንም እጁን ውሃ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ሶኬቱ ይነቀል። ገመዱም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ይውጣ፤ የሚንጠባጠበው ውሃ ወደ ሶኬቱ እንዳይሄድ። ይህን ለልጆች ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

አሁን የቆጣሪውን ቁጥር በደብተሩ ላይ የሚጽፈው ልጁ ነው። ስለሞቱት ሁለት ዓሦች ለእናቱ የነገራትም እሱ ነው፤ «እማማ አየር አጥፍታባቸው ነው፤ አሁን ግን አታጠፋም» አላት። ልክ ነው፤ አላጠፋም።