ተጨማሪ መረጃ፦ በኮረም ሜዳ ያረፉ አብራሪዎች

ከራያ ቆላ በላይ አፋፉ ላይ የምትገኘው ኮረም፣ በኢትዮጵያ በአውሮፕላን የሕክምና እርዳታ ቀድሞ ከደረሰባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የአጼ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈር በአካባቢው ነበር። ስዊድናዊው ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን በአንዲት አውሮፕላን ለቀይ መስቀል መድኃኒትና ሐኪም ያመላልስ ነበር። አውሮፕላኗ በማርች 1936 እ.ኤ.አ. ኮረም ሜዳ ላይ እንደቆመች በጣሊያን የአየር ጥቃት ወደመች፤ የቀይ መስቀል ምልክቷም አላስጣላትም። ፎን ሮዘን ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ በቢሾፍቱ የአየር ኃይል አብራሪዎችን አሠለጠነ። በ1977 እ.ኤ.አ. ጎዴ ላይ በጦርነት ተገደለ።

የእርሱ ስም በአውሮፓ ይታወሳል። የአገሬው ቀዳሚዎች ግን ብዙ አልተጻፈላቸውም። አስፋው አሊና አዲስ አበባ የተወለደው ሚሽካ ባቢቼፍ በ1930 እ.ኤ.አ. የአብራሪነት ፈተና ያለፉ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በወረራው ጊዜ ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰንም መሣሪያ በሌላቸው አውሮፕላኖች በአዲስ አበባና በሰሜኑ ጦር ግንባር መካከል መልእክት ያደርስ ነበር። ሮቢንሰን በ1954 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ አዲስ አበባ ተቀብሯል።