ገጠር ለዕረፍት፦ ከልጆች ጋር የሚደረግ የመጀመሪያ የደጋ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?



ገጠር ለእኛ ለከተሜዎች እንግዳ ስፍራ አይደለም። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለንግሥና ለዘመድ ጥየቃ እንሄዳለን። ሆኖም በእነዚህ ጉዞዎች ሁሉ የሚቀበለን ሰው አለ። ልጆቻችን የት እንደሚያድሩ፣ ምን እንደሚቀምሱ፣ የትኛው ወንዝ ከሰዓት በኋላ እንደሚሞላ የሚያስብልን የአገሩ ሰው ነው። ዘመድ ወደሌለበት ተራራ ልጆችን ይዞ በእግር ለመጓዝና ለማደር መውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዘመድ ያስብልን የነበረውን ሁሉ እኛው ማሰብ ይኖርብናል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚሁ ነው። የጂኦግራፊ መምህር እንደመሆኔ ከፍታን፣ ሰዓትንና ወቅትን ባስቀድም አይፈረድብኝም።

ብዙ ቤተሰቦች ዕቅዳቸውን የሚጀምሩት ከቦታው ዝና ነው። መነሻው ግን የትንሹ ልጅ እግርና ሳንባ መሆን አለበት። ስሜን ተራሮች ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ዋልያ የሚታይበት ድንቅ ስፍራ ነው፤ ሆኖም ለጀማሪ ቤተሰብ የመጀመሪያ ምርጫ አላደርገውም። ምክንያቴ ከፍታው ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ በ2,400 ሜትር ገደማ ስለሚኖር ሰውነቱ በመጠኑ የለመደ ነው፤ ይህ ግን ገደብ አለው። በተራራ ሕክምና ተቀባይነት ያገኘው መመሪያ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበት ከፍታ ከአንዱ ሌሊት ወደ ቀጣዩ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመክራል። ልብ በሉ፣ የሚቆጠረው የሚታደርበት እንጂ ቀን የሚረገጠው ከፍታ አይደለም።

ይህ ልዩነት በባሌ ተራሮች ጉልህ ሆኖ ይታያል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታውም 3,100 ሜትር ገደማ ነው። በዙሪያው በአንድና በሁለት ሰዓት የእግር ጉዞ የደጋ አጋዘን፣ የምኒልክ ድኩላና ከርከሮ ይታያሉ፤ ለልጅ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት የለም። ከጎባ ተነስቶ የሳነቲን አምባ የሚያቋርጠው መንገድ ግን መኪናን ከ4,000 ሜትር በላይ ያወጣል። አደጋው ድካም አለመኖሩ ነው፤ በእግሩ የሚወጣ ሰው ትንፋሹ ያስጠነቅቀዋል፣ በመኪና የሚወጣው ግን ሳይታወቀው እዚያ ይደርሳል። ስለዚህ ሳነቲን ለጥቂት ሰዓት ጎብኝቶ ዝቅ ብሎ ማደር ይመረጣል።

ትልቅ ሰው የከፍታ ሕመም ሲጀምረው «ራሴን አመመኝ» ይላል። የሦስት ወይም የአራት ዓመት ልጅ ይህን አይልም፤ ምግብ እንቢ ይላል፣ ያለ ምክንያት ይነጫነጫል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል። ወላጅም አመል አድርጎ ይወስደዋል። በከፍታ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ከፍታው እንደሆነ መቁጠር ይገባል። ወደ ላይ መውጣቱ ይቆማል፤ ልጁ ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ወደ ታች ይወረዳል፣ ሌሊትም ቢሆን። ስለዚህ ከሰፈሩበት ቦታ መኪና የሚደርስ መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ከማናቸውም ዕቃ በላይ ዋጋ አለው።

እንግዲህ የት እንጀምር? ለአንድ ቀን ሙከራ ከአዲስ አበባ ብዙ የማይርቀው የመናገሻ ሱባ ደን ይበቃል። ጥዱን ያስተከለው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል፤ ልጆች ጉሬዛ ሲያዩ ግን ታሪኩን የሚያዳምጥ አይገኝም። ለአዳር ጉዞ ምርጫዬ ወንጪ ነው። ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ይህ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ በ2021 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሏል። ጀልባና የሚከራይ ፈረስ አለ፤ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም ይገኛል።

ወንጪ ግን አንድ ወጥመድ አለው፤ ቁልቁለቱ ይቀድማል። ልጁ ከአፋፉ ወደ ሐይቁ እየዘለለ ይወርዳል፣ ዳገቱ የሚመጣው ሲደክም ነው። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ስሌት ይጠቅመናል። ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይታሰባል። 6 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 300 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ በዚህ ስሌት 1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይወስዳል። ደንቡ ለጠንካራ ጎልማሳ የተሠራ ስለሆነ ከ10 ዓመት በታች ልጅ ሲኖር እኔ እጥፍ አደርገዋለሁ፤ 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይሆናል። በእኛ አገር አመሻሹ አጭር ነው፤ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትጠልቃለች፣ ጨለማውም ወዲያው ይከተላል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መነሳትና የመመለሻ ሰዓት አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። የትም ይደረስ የት፣ 6 ሰዓት ሲሆን ፊት ይዞራል። ለመልሱ ዳገት ፈረስ የሚያዘውም ጠዋት ነው፤ የደከመ ልጅ ታቅፎ ዋጋ መከራከር ለማንም አይበጅም።

በወቅት ረገድ ችግራችን የትምህርት ካሌንደሩ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ክረምት ሲገባ ነው፤ ደጋው ጭቃና ጉም የሚሆነውም ያኔ ነው። ምርጡ ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ነው። መስከረምና ጥቅምት አረንጓዴና አበባ ያለባቸው ናቸው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ያመጣል። የግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ለአገር ቤት ቤተሰብ ተስማሚ ነው። ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም ወይም ከዱባይ በሐምሌ የሚመጡ ዘመዶቻችን ግን ሁለት ሸክም አለባቸው። ከዝቅተኛ ስፍራ ስለሚመጡ አዲስ አበባ ራሷ ለልጆቻቸው ተራራ ናት፤ ሁለትና ሦስት ቀን ሳያርፉ ወደ ደጋ መውጣት የለባቸውም። ዝናቡን ለመሸሽ ወደ ስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ ወደ ላንጋኖ፣ ቢወርዱ ይሻላቸዋል፤ ነገር ግን ከ2,000 ሜትር በታች ወባ ስላለ አጎበርና የሐኪም ምክር ያስፈልጋል።

ስንቅን በሚመለከት አያቶቻችን ሥራውን ጨርሰውልናል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ ሳይበላሹ ይቆያሉ፣ እሳትም አይጠይቁም። ይህን የምለው ባህል ለማወደስ ብቻ አይደለም፤ በ3,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምስርና ሽምብራ ለመብሰል ልጅ የማይታገሠው ጊዜ ይወስዳሉ። ከ2,000 ሜትር በላይ የመጠጥ ውኃም ቢያንስ 3 ደቂቃ መንተክተክ አለበት። በልብስ በኩል ግን አያቶቻችንን በሙሉ አልከተልም። ጋቢ ደረቅ ሲሆን ወደር የለውም፤ ጥጥ ስለሆነ ግን ሲረጥብ ሙቀት አይዝም። ከውስጥ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ዝናብ የማያስገባ ካፖርት ይሻላል። ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ አዲስ አበባ ላይ የበቃ ልብስ ዲንሾ ላይ አይበቃም። ባርኔጣም አይረሳ፤ ብርድ ባለበት ፀሐይ ታቃጥላለች።

በመጨረሻ ስለ ባለአገሩ። ለእኛ መዝናኛ የሆነው መንገድ ለእርሱ የገብስ ማሳው ዳርና የእንሰቱ ጓሮ ነው። ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሰላም ወደ ስፍራው ደውሎ መጠየቅ፣ አስጎብኚና ባለፈረስ ከአካባቢው ማኅበር መያዝ፣ ዋጋውን በቅድሚያ መስማማት ግዴታ ነው። ወደ ወንጪ የሚሄድ ልጅ የአፋን ኦሮሞ ሰላምታ ተምሮ ይሂድ፤ በር ይከፈትለታል። ለመንደሩ ልጆች ከረሜላና ብር መበተን ደግሞ ከትምህርት ገበታ እያስቀረ መንገድ ዳር የሚያቆማቸው ልማድ ስለሆነ ይቅር።

የከተማ ልጅ ስለ ጅብ ይጠይቃል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የእረኛ ውሻ ነው። ውሻው ከብት ጠባቂ እንጂ የቤት አጫዋች አይደለም፣ የእብድ ውሻ በሽታም በአገራችን አለ። ልጁ እንዳይሮጥ፣ እንዳይደባብስ፣ ከአስጎብኚው ኋላ እንዲቆም አስቀድሞ ይለማመድ። ከተነከሰ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፤ ጉዞው እዚያው ያበቃና ክትባት ወዳለበት ጤና ተቋም በዚያው ቀን ይሄዳል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።